አንዱ ጆሮ ለበር

አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። እማዬ ዕቃዎቹን ለመነካካት የደፈረችው ግን ዘንድሮ ነው። ከአሮጌ ደረሰኞች፣ ክዳናቸው ከተሰነጠቀ ካሴቶችና ባትሪው አፍስሶ ሆዱን ከበላው ሬዲዮ ሥር አንድ ሄድፎን አወጣች። ቀጭን የብረት ቅስት፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ትንንሽ ክብ ማዳመጫ፣ በላያቸው ደግሞ ሲነኩት እንደ ድርቆሽ የሚፈረፈር ስፖንጅ። የዎክማን ዘመን ዕቃ መሆኑ ነው።

ስልኬ ላይ ሰካሁት። (ስልኬ የጃክ ቀዳዳ ካላቸው የመጨረሻዎቹ ስልኮች አንዷ ናት፤ አትሳቁ።) ቀኙ ጥርት አድርጎ ይዘፍናል። ግራው ዝም።

«ጣይውና አዲስ ግዢ» አለኝ ወንድሜ። እውነቱን ነው፤ አዳማ ውስጥ መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፎ ኤርፎን የማይሸጥበት ጥግ የለም። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አባቴን ሄድፎን አድርጎ ሳስታውሰው አደራረጉ ሁልጊዜ ጠማማ ነው፤ የግራው ጆሮው ላይ፣ የቀኙ ከጆሮው ኋላ። ልጅ ሆኜ ቀኝ ጆሮው የማይሰማ ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ የለፋው ግራው ነው፤ የሞተውም እሱ ነው። ቀኙ ደግሞ ሳይሠራ ኖሮ ዛሬ እንደ አዲስ ይዘፍናል። ለምን?

ይቺ «ለምን» ከአንድ ጠጋኝ ሱቅ ተነሥታ እስከ ምኒልክ ስልክ ድረስ ወሰደችኝ። ጨዋታው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ያዙ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከተማዋንም አዳማ እላታለሁ፤ ወደዚህ ስሟ በይፋ የተመለሰችው በ2000 ነው። ከአባቴ ትውልድ ጋር ሳወራ ግን ናዝሬት ካላልኩ ወሬው አይቀጥልም።)

ሆዱ ሲከፈት

የጋሼ ሱቅ ፖስታ ቤት አካባቢ ናት። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቀርባት ሱቅ ስትሆን፣ ግድግዳዋ ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ቴፖችና ክዳን የሌላቸው ሬዲዮኖች ተደርድረዋል። ጋሼ ከአርባ ዓመት በላይ ጠግነዋል። የዛሬ እንጀራቸው የሚወጣው ግን በአብዛኛው ከሪሲቨር፣ ከሪሞትና ከስልክ ቻርጀር ነው።

ሄድፎኑን ተቀብለው አገላበጡት። የግራውን ክዳን በምላጭ ጫፍ ፈልቀቅ አደረጉትና «ይኸውልሽ ልጄ፣ ድራይቨር የሚሉት ይኼ ነው» አሉኝ።

ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ክብ ነገር ነው። ከኋላው ማግኔት አለ። ከፊቱ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስቲክ አለ፤ ዲያፍራም ይባላል። ከዲያፍራሙ ጀርባ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሞ ተጣብቋል፤ ኮይል ማለት እሱ ነው። ከማጫወቻው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በኮይሉ ሲያልፍ ኮይሉም ለጊዜው ማግኔት ይሆናል። ቋሚው ማግኔት አንዴ ይስበዋል፣ አንዴ ይገፋዋል። ዲያፍራሙ አብሮ ይርገበገብና አየሩን ይመታል፤ እኛም «ጥላሁን ገሠሠ ነው» እንላለን። በቃ ይኸው ነው። የሠርግ ድንኳን የሚያናውጠው ስፒከርም ሆነ ይቺ ቁልፍ የምታክል ነገር አሠራራቸው አንድ ነው።

ጋሼ የቴስተራቸውን ሁለት ሹል ጫፎች ቀኙ ላይ አሳረፉ። 30 ኦም ገደማ አነበበ፤ ድራይቨሯም ራሷ «ጭር» አለች። በሕይወት አለች ማለት ነው። ግራው ላይ ሲያሳርፉ ቁጥርም የለ፣ ድምፅም የለ። የሆነ ቦታ ሽቦው ተበጥሷል።

«ሁለት ምርጫ አለሽ» አሉኝ። አንደኛው ሁለቱንም አውጥቶ በአዲስ የቻይና ድራይቨር መተካት ነው። ቶሎ ያልቃል፤ ዋስትናም አለው። «ይዘፍናል፤ ግን የሚዘፍነው ሌላ ነው» አሉ። ሁለተኛው የተበጠሰውን ቦታ ፈልጎ መቀጠል ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ላይሳካም ይችላል።

«የሞተውን ብቻ ብንቀይርስ?»

«ግራና ቀኙ ካልተመሳሰሉ ዘፈኑ ወደ አንድ ወገን ያዘነብልብሻል። ድምፃዊው መሃል መቆሙን ትቶ ግድግዳ ይደገፋል።»

አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ማሰብ ማለት ለእኔ ማንበብ ነውና ማንበብ ጀመርኩ።

የስልክ ልጅ

ብዙዎቻችን ሄድፎን የሙዚቃ ልጅ ይመስለናል። እሱ ግን የስልክ ልጅ ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1876 ስልክን ሲያስመዘግብ ጆሮ ላይ የሚደገነው ክፍል ማግኔት፣ ኮይልና ስስ የሚርገበገብ ነገር ነበር። በእኛ አገር የዚህ ዓይነቱ ነገር ታሪክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይጀምራል። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር የተጀመረበት 1894 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ልደት ተደርጎ ይቆጠራል። እንግዲህ ድራይቨር የተባለው ነገር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ዘፈን ይዞ ሳይሆን ትእዛዝና ወሬ ይዞ ነው።

ስልክ በእጅ ይያዛል። ሁለት እጁን ለሥራ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ጆሮ ላይ መታሰር አለበት። በ1910 ናትናኤል ባልድዊን የተባለ የዩታ ሰው በቤቱ ማዕድ ቤት ውስጥ የሠራውን ባለ ሁለት ጆሮ ማዳመጫ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ላከ። ባሕር ኃይሉ ወደደው፤ አዘዘውም። የዚያ ዘመን ማዳመጫ ግን ከጋሼ ጠረጴዛ ላይ ካለው ይለያል። ኮይሉ በቦታው ተቀምጦ የሚርገበገበው ስስ ብረት ነበር፤ ለንግግርና ለሞርስ ይበቃል፣ ለዘፈን ግን ይሻክራል። ኮይሉን ራሱን ከዲያፍራሙ ጋር አጣብቆ ማርገብገብ የተቻለበትን የመጀመሪያ ሄድፎን በ1937 በርሊን ላይ የሠራው የኦይገን ባየር ድርጅት ነው፤ ዲ ቲ 48 ይባላል። ዛሬ ጆሯችን ውስጥ የምንወትፈው በአብዛኛው የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በ1935 ሥራ ጀመረ፤ ጦርነቱ በደጅ ቆሞ ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ ደግሞ አዳማ ስንሄድ በምናልፋት ቢሾፍቱ (ያኔ ደብረ ዘይት) የአየር ኃይሉ በስዊድኖች አሠልጣኝነት ተደራጀ። እስከ 1956 የመሩት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ። በሞተር ጩኸት መሃል ከመሬት የሚመጣን ድምፅ ለመስማት አብራሪው ጆሮውን የሚሸፍን ማዳመጫ የግድ ያስፈልገዋል። ከዚያ አፍሪካ አዳራሽ መጣ። በ1961 የተመረቀው ይህ አዳራሽ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ መሪዎችን አገናኘ። አስተርጓሚ በመስኮት ጀርባ ተቀምጦ በማዳመጫ የሚተረጉምበት አሠራር በዓለም የታወቀው በ1945 በጀመረው የኑረምበርግ ችሎት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለዚህ ዕቃ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አይታሰብም።

ቴሌፎኒስት፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ አብራሪ፣ መሪ። ልብ በሉ፣ እስካሁን በሄድፎን ዘፈን የሰማ ሰው አልጠቀስኩም። በእኛ አገር ሄድፎን ለረጅም ጊዜ የሥራ ዕቃ ነበር፤ ያውም የመንግሥት ሥራ።

ድምፅ የሁሉም ሲሆን

ታዲያ ተራው ሰው በምን ይሰማ ነበር? ከሰው ጋር ነዋ! ከ1941 በኋላ ሬዲዮ እንደገና ሲጀምር ቤቱ መቀበያ ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር አደባባይ ላይ በተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ይሰማ ነበር። ዜናው ለሁሉም፣ ዘፈኑም ለሁሉም ነው። ማን እንደሰማና ፊቱ እንዴት እንደተለዋወጠ ጎረቤት ያያል።

አዳማም ያደገችው በጋራ ድምፅ ውስጥ ነው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ከተማዋ ባቡሩን ተከትላ ሰፋች። በ1954 የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ከፈተ፤ ደመወዝተኛ መጣ። በ1960 የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ መብራት መጣ። የሚገርመው፣ ወንጂ ስኳር ማምረት በጀመረበት በዚያው በ1954 አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ ትራንዚስተር ሬዲዮ ወጣ፤ ለብቻ የሚገዛ የአንድ ጆሮ ማዳመጫም ነበረው። ኪስ ውስጥ የሚገባ ሬዲዮና ለአንድ ጆሮ ብቻ የሚያንሾካሹክ ነገር! ያኔ ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም። በእኛ በኩል ሬዲዮ የገዛ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ጎረቤት ይጠራበታል እንጂ ጆሮው ውስጥ አይደብቀውም።

በዚሁ ጊዜ ፈረንጆቹ ሙዚቃን ወደ ራስ ቅላቸው እያስገቡ ነበር። በ1958 ጆን ኮስ የመጀመሪያውን የስቴሪዮ ሄድፎን አወጣ። በ1968 የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኤች ዲ 414 የተባለውን ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን አቀረበ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ይህን ሞዴል በልባችሁ ያዙልኝ፤ ገመዱም፣ ስፖንጁም፣ ድራይቨሩም እየተነቀሉ እንዲተኩ ሆኖ የተሠራ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ በ1969 አምሃ እሸቴ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። እስከ 1975 ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። እነዚያ ሸክላዎች ግን በአብዛኛው የተሰሙት በቡና ቤት፣ በሙዚቃ ቤትና በሳሎን ነው፤ በሰው መሃል።

ሁለት ቀዳዳ የነበረው ማሽን

ሐምሌ 1 ቀን 1979 ሶኒ ዎክማንን አወጣ። አብሮት የመጣው ሄድፎን ክብደቱ 50 ግራም ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ከ300 እስከ 400 ግራም ይመዝኑ ነበር። አባቴ ካርቶን ውስጥ የተወው የዚህ ዘር ነው።

ስለ መጀመሪያው ዎክማን በጣም የወደድኩት ነገር ሁለት የሄድፎን ቀዳዳ የነበረው መሆኑ ነው። የሶኒው አኪዮ ሞሪታ ሰው ብቻውን ሙዚቃ ሲሰማ አጠገቡ ላለው ሰው ነውር ይሆናል ብሎ ሰጋ፤ ስለዚህ ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ ተደረገ። እንዲያውም ተጭነውት ሙዚቃው ቀነስ ብሎ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቁልፍ ነበረው። ጃፓናዊው የሰጋው ስጋት የሐበሻ እናት ስጋት ነው፤ «ለብቻ መብላት» እንደማለት። ሰዉ ግን ለብቻው መስማቱን ወደደው። በኋላ ሁለተኛው ቀዳዳ ቀረ።

አዳማ ላይ ሄድፎን በጅቡቲ በኩልም፣ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣም ይገባ ነበር። የአባቴን አጎቱ ነው ያመጣለት። ግን በምን ዘመን ገባ? ሰዓት እላፊ ባለበት፣ ሸክላ በካሴት በተተካበት፣ ማታ ውጭ ሙዚቃ በቀጠነበት ዘመን ነው። በ1963 አዲስ አበባ የተከፈተው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1977 በደርግ ተወርሷል። የአገር ውስጡ ሞገድ አንድ ድምፅ ብቻ ሆኗል። ሌላ ድምፅ የፈለገ ሰው አጭር ሞገድ ላይ ይሄዳል። ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1965 ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛው በ1982። ከጫካ የሚተላለፉ የአማፂዎች ሬዲዮዎችም ነበሩ። እነሱን ሲሰሙ መያዝ ቀልድ አልነበረም።

ሬዲዮ የሚጠራበት፣ ድምፅ የሚጋራበት አገር በአንድ ጊዜ ድምፅ የሚደበቅበት ሆነ። ሄድፎን የወጣቱ መዝናኛ ከመሆኑ በፊት፣ ወይም ከመዝናኛነቱ ጎን፣ የቤት ውስጥ መደበቂያ ሆኖ አገልግሏል። አብዛኞቻችን ከቤተሰብ የሰማነው «ብርድ ልብስ ተከናንበን ነበር የምንሰማው» የሚለው ወሬ ይኼው ነው።

መለዋወጫ ያልመጣለት ዕቃ

ከሳምንት በኋላ ጋሼ ጋ ተመለስኩ። የኤች ዲ 414ን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ድራይቨሩ እየተነቀለ እንደሚተካ። ሳቁ። «እዚያ ሄደሽ ከሱቅ ትገዢዋለሽ። እኛ ጋ ዕቃው እንጂ መለዋወጫው መቼ ይመጣ ነበር?»

የአገራችን የሄድፎን ጥገና ታሪክ ከዚህች ዓረፍተ ነገር የሚወጣ ይመስለኛል። ዕቃው በሻንጣ ወይም በባቡር ይመጣል፤ መለዋወጫው አይመጣም። ስለዚህ ጠጋኝ ሌላ የሞተ ዕቃ ፈልጎ ያርዳል። ጋሼ ከተጣለ የስልክ እጀታ፣ ከልጆች መጫወቻ፣ ከተሰበረ ሄድፎን ድራይቨር እያወጡ አንዱን ለአንዱ ሰጥተዋል። ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከመተሐራ ሳይቀር በገበያ ቀን ዕቃ ይዘው የሚመጡ ደንበኞች ነበሯቸው።

ግን ዝም ብሎ መግጠም አይደለም። ለምሳሌ የድሮው ኤች ዲ 414 ድራይቨር 2000 ኦም ነው። የዎክማኑ ዓይነት 30 ገደማ። ኦም ማለት ሽቦው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገዳደር ነው። ለትልቅ ማጉያ የተሠራ ባለ 2000 ኦም ሄድፎን ዛሬ ስልክ ላይ ብንሰካው ከሩቅ እንደሚሰማ ሰው ነው የሚሆነው፤ ስልኩ የሚገፋበት አቅም የለውም። ስለዚህ ድራይቨር የሚተካ ሰው ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ኦሙንም፣ የግራና የቀኙንም መመሳሰል ያያል። የሽቦዎቹንም አቅጣጫ ያያል። አንዱ ጎን ሽቦው ተገላብጦ ከተበየደ ግራው ሲገፋ ቀኙ ይስባል፤ ባሱ ይጠፋል፣ ዘፈኑም ሆድ የሌለው ይሆናል።

የስምጥ ሸለቆው አየር ደግሞ የራሱን ይጨምራል። የአዳማን አቧራና ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስፖንጁ በሙቀትና በላብ ይደርቅና ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው ወደ ድራይቨሩ ይገባል። አንዲት የብረት ብናኝ ማግኔቱ ጋ ከደረሰች ኮይሉን ትፈትገዋለች። አንዲት የራስ ፀጉር በቀዳዳው ገብታ ዲያፍራሙን ከነካች ዘፈኑ ሁሉ እንደ ዝንብ ይንዛዛል። «ስንቱን ‹ተቃጥሏል› ብለው ያመጡልኝን ሄድፎን ፀጉር ነቅዬ መልሻለሁ» ይላሉ ጋሼ። ያስከፍሉ እንደነበር ስጠይቃቸው ግን ወሬ ቀየሩ።

ከዚያ ወደ ሥራ ገቡ። የሄድፎን ገመድ ውስጥ ያለው ሽቦ እንደ መብራት ሽቦ አይደለም። ከክር ጋር የተጠመጠሙ ፀጉር መሳይ ሽቦዎች ናቸው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና የመዳብ ቀለም ያለው። ቀለሙ ቫርኒሽ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ይህን የማያውቅ ጀማሪ እንዲሁ ይበይደዋል፤ ተበየደ ብሎ ይገጥማል፤ ድምፅ የለም። ጋሼ ጫፉን በጋለው ካውያ ላይ በብየዳ እርሳስ እያሻሹ ቫርኒሹን አቃጠሉት። ገመዱ ደህና ነው። የተበጠሰው ከኮይሉ ወጥቶ ወደ ዳር የሚሄደው ጭራ ነው፤ ዲያፍራሙ ሺህ ጊዜ ሺህ ሲርገበገብ አብራ የምትተጣጠፈው። በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ፤ ሁለት ጫፍ፣ መሃላቸው የጤፍ ቅንጣት የማታክል ክፍተት።

«ይኼ በአንድ ቀን የተበጠሰ አይደለም» አሉ። «በሥራ ብዛት ነው ያለቀው። ያኛው ግን ምንም አልሠራም። አባትሽ ምን ላይ ነበር የሚሰኩት?»

የካርቶኑን ሬዲዮ ነገርኳቸው። ወዲያው ገባቸው። የዚያ ዘመን ሬዲዮ ባለ አንድ ድምፅ፣ ሞኖ ነው። የስቴሪዮ ሄድፎን ጃክ ጫፉ ለግራ፣ መሃሉ ለቀኝ ነው። ሞኖ ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ጫፉ ብቻ ድምፅ ያገኛል፤ የቀኙ ከመሬቱ ጋር ይነካካና ይጠፋል። ስለዚህ ግራ ብቻ ይሰማል። «በቀን ስንት ሰው ነበር ‹አንድ ጆሮ ሞተብኝ› ብሎ የሚመጣ! ጃኩ ውስጥ ሁለቱን ማገናኘት ነው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ። ደግሞ በሳንቲም ነበር። አባትሽ ለምን አላሠሩትም?»

እማዬ

ማታ እማዬን ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀናም አላለች።

«ማን ነው አያውቅም ያለሽ? እንሥራልህ ተብሎ እንቢ ያለው እሱ ነው። አንዱ ጆሮ ለሬዲዮ፣ አንዱ ጆሮ ለበር።»

በቃ ይኸው ነው። ዜናውን በግራ ጆሮው እየሰማ በቀኙ የግቢውን በር ይጠብቅ ነበር። ውሻ ቢጮህ፣ የእግር ኮቴ ቢቀርብ፣ ቀበሌ ቢያንኳኳ። ሁለቱ ጆሮ ቢደፈን የሚሰማው ዜና ጥርት ይል ነበር፤ እሱ ግን የግማሹን ሄድፎን ዝምታ ፈለገው። ደርግ በ1991 ወደቀ። ሬዲዮው ተቀየረ፤ ቤቱም ተቀየረ። እኔ ተወልጄ፣ አድጌ፣ ትምህርት ቤት ገብቼ ሳየው ግን ቀኝ ጆሮው አሁንም ክፍት ነበር። ፍርሃቱ አልፎ ልማዱ ቀርቷል። እኔ ደግሞ ጆሮው የማይሰማ መስሎኝ በስተግራው እየዞርኩ ነበር የማወራው። (ይቅርታ አባዬ።)

እንግዲህ አስቡት። በመጀመሪያው ቀን ወንድሜን ሰምቼ ብጥለው ወይም ጋሼ በሰጡኝ የመጀመሪያ ምርጫ ሁለቱንም ድራይቨር አስቀይሬ ብሄድ ሄድፎኑ ይዘፍን ነበር፤ ይቺን ታሪክ ግን አልሰማትም ነበር። ያለቀው ግራና ያላለቀው ቀኝ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ነው የተናገሩት። የአባቴ ዘመን ሰዎች ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወሩም፤ ማስታወሻም አልጻፉም። የጻፉት ዕቃቸው ላይ ነው።

ለዚህ ነው የዛሬዎቹ ዕቃዎች የሚያሳስቡኝ። ያለ ገመድ ጆሯችን ውስጥ የምንወትፋቸው ፍሬዎች ድራይቨራቸው ያው የ1937ቱ ዘር ነው፤ ማግኔት፣ ኮይል፣ ዲያፍራም። ልዩነቱ በሙጫ የታሸጉ መሆናቸው ነው። ሲከፈቱ ይሰበራሉ። ድራይቨሩ ደህና ሆኖ እንኳ የጤፍ ፍሬ የማያስመርር ባትሪያቸው ሲደክም አብረው ይጣላሉ። ጋሼ ለአንዱ ወጣት ሲመልሱለት ሰምቻቸዋለሁ፤ «ልጄ ይኼ እንዲጠገን የተሠራ አይደለም» አሉት፤ እንደ ሐኪም አዝነው። መለዋወጫ ያልመጣላቸውን ዕቃዎች ሁሉ ያሸነፉት ሰውዬ በሙጫ ተሸነፉ። ከእሳቸው በኋላ ሱቋን የሚረከብ ልጅም የለም።

ሄድፎኑ ተሠራ። ጋሼ ከአሮጌ ኮይል በፈቱት ፀጉር መሳይ ሽቦ ሁለቱን ጫፎች አገናኝተው፣ ጠብታ ሙጫ አሳርፈው፣ ከአዲስ ስፖንጅ ጋር ሰጡኝ። «ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አላውቅም፤ ድምፁን አታብዢበት» አሉኝ። ግራው ከቀኙ ትንሽ ይደክማል። ድምፃዊው ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። እንዲህ ሆኖ ይሻለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ አድርጌው ወጣሁ። ከፖስታ ቤት ወደ ቤት ስሄድ አንድ ባጃጅ ለጥቂት ሳተኝ፤ ሹፌሩ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። አካባቢዬን ሳይ ከእኔ ዕድሜ ካለው ሰው ገሚሱ ሁለት ጆሮውን ደፍኖ ነው የሚሄደው። ጥሩ ነገር ነው ብዬ ለማሰብ ሞከርኩ፤ በር የሚጠብቅ ጆሮ የማያስፈልገው ትውልድ! ግን እርግጠኛ አልሆንኩም። ሁለቱንም ጆሯችንን የደፈንነው በሩ ሰላም ስለሆነ ነው ወይስ በሩን መስማት ስለሰለቸን?

እስክመልሰው ድረስ የቀኙን ከጆሮዬ ኋላ አደረግሁት። ጠማማ ነው የሚመስለው፤ እማዬ በመስኮት አይታ ሳቀች።

ቸር እንሰንብት።